ጎንደር ላይ አንድ የራፕ ዘፈን፦ ከግጥም እስከ ገንዘብ

አሥራ ስድስት ባር 43 ሰከንድ ገደማ ነው። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት (ራፐሩ ግጥሙን በላዩ የሚልበት ሙዚቃ) ላይ አንድ ባር አራት ምት ይይዛል፣ አራቱ ምት 2.67 ሰከንድ ይፈጃል፣ በ16 ሲባዛ 42.7 ይመጣል። ጀማሪ ራፐር ስቱዲዮ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚች ሒሳብ ላይ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ግጥም ይዞ ይመጣል፤ ቢቱ ሲከፈት ግማሹ እንኳ አይገባም። የቀረውን ለማስገባት ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ቃሉ ይዋጣል። ስቱዲዮው ደግሞ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው።

ስለዚህ ግጥም ከመጻፉ በፊት ዘፈኑ ይለካል። ለጀማሪ የሚመች አንድ ልክ ይኸውና፦ መግቢያ 4 ባር፣ ቨርስ (ዋናው የራፕ ክፍል) 16፣ ሁክ (የሚደጋገመው አዝማች) 8፣ ሁለተኛ ቨርስ 16፣ ሁክ 8፣ መዝጊያ ሁክ ከነጭፈራው 8። ድምሩ 60 ባር ነው፤ በ90 ምት 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይወጣዋል። ቢቱ በ140 የሚሄድ ትራፕ (የሂፕ ሆፕ አንዱ ዘይቤ) ከሆነ 16 ባር ወደ 27 ሰከንድ ይወርዳል። ያው ግጥም እዚያ ላይ የሚገባው በግማሽ ፍጥነት ሲባል ብቻ ነው።

ግጥሙ

ጎንደር ያደገ ልጅ ራፕን ከዜሮ አይጀምርም። ቀረርቶና ፉከራ በሠርግም በበዓልም ሲሰማ ኖሯል፤ በምት ላይ ቆሞ ራስን እያገነኑ፣ ባላንጣን እየነካኩ መናገር ምን እንደሆነ ጆሮው ያውቃል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰውም «ተቀበል!» ሲባል ስንኝ ከአፍ ላይ እንዴት እንደሚነጠቅ አይቷል። ይህን ይዞ «ራፕ ድሮም የእኛ ነው» ማለት ግን ማጋነን ነው። ሂፕ ሆፕ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1973 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ዲጄ ኩል ኸርክ ሙዚቃ ካጫወተበት ግብዣ ይቆጠራል፤ የራሱ አገርና የራሱ ታሪክ አለው። በአማርኛ ራፕ እነ ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል መንገዱን ካቀኑት መካከል ናቸው። ጎንደሬው ይዞት የሚመጣው ጆሮውንና አንደበቱን ነው፤ የሚጎድለው ቆጠራው ነው።

የአማርኛ ራፕ ትልቁ ወጥመድ ቤት መምታት ላይ አለ። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግሥ ይዘጋል፤ ግሦች ደግሞ መጨረሻቸው ይመሳሰላል። «ሄድኩ፣ ሮጥኩ፣ ወደቅኩ» ብሎ አንድ ቨርስ ሙሉ ቤት መምታት ይቻላል፤ የሚመታው ግን «ኩ» ብቻ ነው። አድማጭ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አራተኛውን አስቀድሞ ይገምተዋል፣ ከዚያ መስማቱን ይተዋል። መድኃኒቱ ግሡን ከመስመሩ ጫፍ ማንሳት፣ ወይም ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያሉትንም ድምፆች ማመሳሰል ነው። ለምሳሌ፦

ባጃጅ ጠፍቶ ማታ፣ በ'ግሬ እስካዘዞ፣
ልቤ ቀድሞኝ ሄደ፣ እግሬን ብቻ አዝዞ።

«አዘዞ» ሰፈር ነው፤ «አዝዞ» ከማዘዝ የመጣ ነው። የሚገጥመው «ዞ» ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው ሁሉ ተቀራርቦ ይመጣል፤ በዚያ ላይ የሰፈሩ ስም ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል። ቅኔ ነው ለማለት አይደፈርም፤ ግን «ሄድኩ፣ ሮጥኩ» ከሚለው በሁለት ደረጃ ይሻላል።

እነዚህ ሁለት መስመሮች ተጨምቀው ሲባሉ እያንዳንዳቸው 12 ቀለም (በአንድ ድምፅ የሚወጣ የቃል ክፍል) አላቸው፤ ስድስቱ ላይ ያርፋሉ፣ ስድስቱን ይጨርሳሉ። የወል ቤት የሚባለው የተለመደው የአማርኛ ግጥም ልክ ይህ ነው። አሁን ይህን ቢት ላይ እናስቀምጠው። በተለመደው የሂፕ ሆፕ ቢት እያንዳንዱ ምት ለአራት ይከፈላል፤ አንድ ባር 16 ቦታ አለው ማለት ነው። 12 ቀለም ሲገባበት አራት ቦታ ይተርፋል፤ ለትንፋሽና ለሚጠብቁ ፊደላት ይበቃል። ምቱ ለሦስት በሚከፈልበት ቢት ግን ባሩ 12 ቦታ ብቻ ነው፤ የወል ቤት ልክክ ብሎ ይሞላዋል። ሲሰማ ደስ ይላል፣ መተንፈሻ ግን አይተርፍም፤ አራት መስመር በተከታታይ የሞላ ሰው አምስተኛው ላይ ይታፈናል። እዚያ ላይ አምስት አምስት የሚሄደውን የሰንጎ መገን ልክ ማስገባት ይረዳል፤ 10 ቀለም ነውና ሁለት ቦታ ይተርፋል።

የሚጠብቅ ፊደል ጊዜ ይበላል። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ራፐሩ ቸኩሎ የሚጠብቀውን ካላላው አድማጭ ሌላ ቃል ይሰማል፤ ስህተቱ የማይክ አይደለም፣ ሚክስም (የተቀዱትን ድምፆች ማዋሃዱ) አያስተካክለውም። ስለዚህ ግጥሙ ሲገለበጥ ሁለት ምልክት ይደረግበታል፦ በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ፣ በመተንፈሻው ቦታ ላይ ሰያፍ መስመር። መተንፈሻው ከስንት ባር አንዴ ይሁን? ለጀማሪ ከሁለት ባር አንዴ፤ ሲለምድ ከአራት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናትና እዚህ ዳገት እየወጣ የተለማመደ ሰው ቆላ ሲወርድ ትንፋሹ አያስቸግረውም።

ቢቱና ቅኝቱ

ቢት በሦስት መንገድ ይገኛል፦ አቀናባሪ አሠርቶ፣ ራስ ሠርቶ፣ ወይም ከኢንተርኔት የተዘጋጀ ወስዶ። አብዛኛው ጀማሪ በሦስተኛው ይጀምራል፤ የሚጎዳውም እሱ ነው። ዩቲዩብ ላይ «ነፃ» ተብሎ የሚለቀቅ ቢት አብዛኛውን ጊዜ ነፃ የሚሆነው ገንዘብ ለማይሠራበት ሥራ ብቻ ነው። ዘፈኑ ማስታወቂያ በሚሰበስብ ቻናል ወይም በሚሸጥበት መተግበሪያ ከወጣ የቢቱ ባለቤት መጠየቅ ይችላል፤ የዩቲዩብ መለያ ሥርዓትም ድምፁን አውቆ ገቢውን ወደ ሌላ ሰው ሊያዞረው ይችላል። በኪራይ የሚሸጥ ቢት አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ያው ቢት ለመቶ ሰው ሊከራይ ይችላል፤ ውሉም ብዙ ጊዜ የአድማጭ ቁጥር ገደብ አለው። ለብቻ የተገዛ ቢት ይወደዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሌላ አይሸጥም። የመጀመሪያ ዘፈኑን በኪራይ ቢት የሚሠራ ሰው ቢያንስ ደረሰኙንና የኪራይ ውሉን በኢሜይሉ ያስቀምጥ።

ከዚህ የባሰው ግን በጆሮ የሚታወቅ፣ በቃል ለማስረዳት የሚያስቸግር ችግር ነው። ከውጭ የሚመጣ የትራፕ ቢት አብዛኛው በማይነር፣ ከምዕራባውያን ቅኝቶች በአንዱ፣ የተሠራ ነው። በሲ ማይነር ብንወስድ ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ፍላት ናቸው። ትዝታ ማይነር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ አምስቱም ውስጡ አሉ፣ ስለዚህ ሁኩ በትዝታ ቢዜም አይጋጭም። ባቲ ማይነርም (ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት) ይገባል። አንቺሆዬ ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ሦስቱ ቢቱ ውስጥ የሉም። በአንቺሆዬ የተዜመ ሁክ እዚያ ቢት ላይ ሲጫን «ድምፁ ወጣ» ይባላል፤ ዘፋኙ ይወቀሳል፣ በኦቶቲዩን (ድምፅን ወደ ኖታው በሚስብ ፕሮግራም) ለማስተካከል ይሞከራል፣ ኦቶቲዩኑ ደግሞ ቅኝቱን ይገድለዋል። ጥፋተኛው የቢቱ ኮርድ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) ነው። አምባሰልም ዲ ፍላት ስላለበት እንዲሁ ያስቸግራል። በእነዚህ ሁለት ቅኝቶች ማዜም የሚፈልግ ሰው ኮርድ የሌለው፣ ከበሮና ቤዝ ብቻ የሆነ ቢት ይውሰድ፤ ቤዙም ከሲ እንዳይንቀሳቀስ ያድርግ።

ማሲንቆ ማስገባት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ጎንደር ከተማውም ዙሪያውም የአዝማሪ አገር ስለሆነ ተጫዋቹ አይጠፋም። ችግሩ ምቱ ላይ ነው። የጭፈራው ምት፣ ችክችካ የምንለው፣ በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፤ ሁለት ትልልቅ ምት አለው፣ እያንዳንዱም ለሦስት ይከፈላል። የሂፕ ሆፑ ቢት ለአራት ይከፍላል። ከተቀዳ ማሲንቆ ላይ ቆርጦ በአራት መረብ (ፕሮግራሙ ምቱን በሚከፍልበት መስመሮች) ላይ የሚለጥፍ ሰው ከሁለት ባር በኋላ ማሲንቆው ሲንገዳገድ ይሰማል። መፍትሔው መረቡን መቀየር ነው፦ ሁለቱ ትልልቅ ምቶች እንደ ሁለት ምት ይቆጠራሉ፣ ሁለት የችክችካ ባር አንድ የሂፕ ሆፕ ባር ይሆናል፣ በኤፍኤል ስቱዲዮም ሆነ በኪውቤዝ መረቡ ወደ ሦስት ክፍፍል ይዞራል። ሃይሃቱ (ቀጭኑ የጸናጽል ድምፅ) በሦስት ይሮጣል፣ ኪኩና ስኔሩ (ወፍራሙና ስለታሙ ከበሮ) በቦታቸው ይቆያሉ። ከዚያ ትከሻም አንገትም አብረው ይወዛወዛሉ።

ተጫዋቹ ሲመጣ የቢቱ መነሻ ኖታ በጆሮ ማዳመጫ ይከፈትለትና ማሲንቆውን በሱ ይቃኘው፤ ክሩ የፈረስ ፀጉር ነውና ከብርዱና ከሙቀቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል፣ በየአሥር ደቂቃው መፈተሽ አለበት። አንድ ሰዓት ቀድቶ ስምንት ባር መምረጥ፣ ስምንት ባር ቀድቶ ከመሄድ ይሻላል።

ቀረጻው

የቀረጻ ዕቃ ዝርዝር አጭር ነው፦ ላፕቶፕ፣ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መግቢያ የድምፅ ካርድ (ማይኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው)፣ ማይክ፣ ዝግ የጆሮ ማዳመጫ፣ ስታንድ፣ ፖፕ ፊልተር። ላፕቶፕ ለሌለው ባንድላብ በስልክ በነፃ ይሠራል፤ ለሙከራ ቅጂ በቂ ነው።

ማይክ ሲመረጥ «ውዱ ይሻላል» የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። ኮንደንሰር (ትንሹንም ድምፅ የሚይዝ) ማይክ ጥሩ ክፍል ይፈልጋል፤ ያለዚያ የጎረቤቱን ዶሮ፣ የባጃጁን ጡሩምባ፣ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ አብሮ ይቀዳል። ተራ ክፍል ውስጥ እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ዳይናሚክ (ቅርብ ያለውን ድምፅ አጉልቶ የሚይዝ) ማይክ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ኮንደንሰር ከሆነ የድምፅ ካርዱ ላይ ያለው የ48 ቮልት ቁልፍ መበራት አለበት፤ «ማይኩ ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመለሰው ስንቱ ይህ ቁልፍ ያልተነካ ይሆን።

ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ትርፉ አቧራ ነው፤ ስስ ስለሆነ ማሚቶውን አይውጠውም። የሚውጠው ወፍራም ጨርቅ ነው፦ ቡልኮ፣ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ። የሚሰቀልበት ቦታም ይለያል። ማይኩ በፊቱ የሚሰማ፣ በጀርባው የማይሰማ ነው። ፊቱ ራፐሩን ያያል፤ ከራፐሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳም አብሮ ያያል። ስለዚህ ቡልኮው የሚሰቀለው ከራፐሩ ጀርባና ከሁለቱ ጎኑ ነው። አብዛኛው ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅልና ለውጥ ሲያጣ ይገረማል።

ከኮንደንሰር አንድ ስንዝር፣ ከዳይናሚክ አራት ጣት ያህል መራቅ ነው። በጣም ጮኾ የሚባለው መስመር ሲባል የድምፁ ጫፍ ከዜሮ በታች በ12 እና በ6 ዲሲቤል መካከል እንዲሆን መጠኑ ይስተካከላል። ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ አይጠገንም፤ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን ከፍ ይደረጋል። ሲቀዳ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ። በጆሮ ማዳመጫ የራስን ድምፅ ዘግይቶ መስማት ምቱን ያስታል፤ የፕሮግራሙ በፈር (ድምፁ ከማለፉ በፊት የሚጠራቀምበት ቋት) ወደ 128 ሲወርድ መዘግየቱ በጣም ይቀንሳል። ላፕቶፑ አሮጌ ሆኖ ቢንጫጫ ቢቱ ወደ አንድ ፋይል ይለወጥና ሌላው ፕላጊን ሁሉ ይጠፋል።

ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ የራሱ ከበሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ቀረጻው ረፋድ ላይ ይሁን። መብራት ቢጠፋ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕና ኃይሉን ከላፕቶፑ የሚወስድ የድምፅ ካርድ ያለው ሰው ሥራውን ይቀጥላል፤ ዴስክቶፕ ያለው ዩፒኤስ ያስፈልገዋል።

ዋናው ድምፅ አንዴ በደንብ ከተቀዳ በኋላ ቤት የሚመታባቸው ቃላት ብቻ በድጋሚ ይደረባሉ፤ ሁሉንም መስመር መደረብ ቃሉን ያደበዝዛል። «እሽ!»፣ «በለው!» የሚሉት መሙያዎች በመጨረሻ፣ በሌላ ትራክ ይቀዳሉ።

ሚክሱን ሌላ ከተማ ላለ ሰው መላክ የተለመደ ነው፤ ያኔ ሁሉም ትራክ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ፣ ያለ ኤፌክት፣ በዌቭ (ባልተጨመቀ ፋይል) ይወጣል፤ የቢቱ ፍጥነትም በስሙ ላይ ይጻፋል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን 12 የድምፅ ትራክና አንድ ስቴሪዮ ቢት ካለው ጠቅላላው ወደ 360 ሜጋባይት ነው። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይሁን። ተመልሶ ሲመጣ ሦስት ቦታ ይሰማል፦ በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በባጃጅ ስፒከር። ስልክ ላይ ቤዙ ከጠፋ ከፍ ማድረግ አይረዳም፤ የስልክ ስፒከር 50 ኸርዝ አያወጣም። ቤዙን ትንሽ ማሻከር ነው፣ ያኔ ከላይኛው ድምፁ ይታወቃል። ማስተሩን (የሚለቀቀውን የመጨረሻ ቅጂ) እስኪፈነዳ ማጮህም ከንቱ ነው፤ ስፖቲፋይም ዩቲዩብም ጮኾ የመጣውን ወደ -14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ገደማ መልሰው ያወርዱታል።

ወረቀቱ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጓደኛሞችን የሚያለያየው ይህ ነው። አንድ ዘፈን ውስጥ ግጥም አለ፣ የሁኩ ዜማ አለ፣ ቢቱ አለ፣ የከዋኞቹ ድምፅ አለ፣ የተቀዳው ቅጂ ራሱ አለ። አምስቱ የአምስት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 የተሻሻለው፣ የደራሲን መብት ከከዋኝና ከድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰር መብት ለይቶ ያስቀምጣል። መብቱ የሚጀምረው ሥራው እንደተፈጠረ ነው፤ ለመኖሩ ምዝገባ አይጠየቅም። ምዝገባ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። በጓደኝነት የተሠራ ዘፈን ለልጅ ልጅ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው፤ ያለ ወረቀት ሲሆን ደግሞ ክሱም አብሮ ይደርሳል።

መብትን ማስተላለፍ ወይም ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ ይሆናል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ እንዲፈርሙበት፣ ሁለት ምስክሮችም እንዲያረጋግጡት ይጠይቃል። ስለዚህ በቴሌግራም «ተስማምተናል» መባባል ጥሩ መነሻ ነው፣ ውል ግን አይደለም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አሳዳጊው ካልፈረመለት የተዋዋለው ነገር መሠረቱ ይናጋል። ይህን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ማናጀር ካለ ከሱ መራቅ ነው።

አንድ ገጽ ይበቃል። የዘፈኑ ስም፣ ቀኑ፣ የእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስምና የሠራው ክፍል፣ ድርሻው በመቶኛ፤ ቅጂው የማን እንደሆነ፣ ማን ወደ ዩቲዩብና ወደ መተግበሪያ እንደሚጭነው፣ ቢቱ ለሌላ ይሸጥ እንደሆነ፤ ከዚያ ፊርማና ሁለት ምስክር። ለምሳሌ ግጥሙን ራፐሩ ጽፎ፣ ሁኩን ሌላ ሰው አዚሞ፣ ቢቱን አቀናባሪ ሠርቶ ከሆነ 40፣ 20፣ 40 ብለው ሊስማሙ ይችላሉ፤ ቁጥሩ የስምምነት ነው፣ ሕግ አይወስነውም። ማሲንቆ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ከሆነ እሱም ይጻፍ፣ ስሙም ይጠቀስ። ሁኩን የሚሸከመው ያ ማሲንቆ ከሆነ ግን በአንድ ቀን አበል ማሰናበቱ አያምርም፤ አምስት በመቶ ማንንም አያደኸይም። ይህ ወረቀት የሚፈረመው ዘፈኑ ከመቀዳቱ በፊት ነው። ከታወቀ በኋላ ሁሉም የራሱን ክፍል ትልቅ አድርጎ ያያል።

የሕዝብ ዜማን የማንም አይደለም ብሎ መውሰድ ይቻላል፤ አንድ ዘፋኝ ካሴት ላይ የቀዳውን መቁረጥ ግን አይቻልም፣ ቅጂው ባለቤት አለው። ያንኑ ዜማ አዝማሪ አስመጥቶ እንደገና መቅዳት ነው።

ሲወጣ

መጀመሪያ ቻናሉ የማን ነው? ኢሜይሉ፣ የስልክ ቁጥሩ፣ ይለፍ ቃሉ በራፐሩ እጅ ይሁን። ጓደኛ በራሱ ስልክ የከፈተው ቻናል ጓደኝነቱ ሲሻክር አብሮ ይሄዳል።

ስፖቲፋይና አፕል ሙዚቃ ከግለሰብ በቀጥታ ዘፈን አይቀበሉም፤ አከፋፋይ ድርጅት በመሃል ያስፈልጋል። ከመፈረም በፊት ሁለት ነገር ይጣራል፦ ገንዘቡ ኢትዮጵያ ውስጥ በሚሠራ መንገድ ይወጣል ወይ፣ ዓመታዊው ክፍያ ካልታደሰ ዘፈኑ ይወርዳል ወይ። ሽፋኑ 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን፤ ከመውጫው ቀን ሦስትና አራት ሳምንት ቀድሞ ይጫን። መድረኩ ላይ የሚታወቅበት ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አንዴ ይወሰን፤ አንዱ ዘፈን በአንድ ኤች፣ ሌላው ያለ ኤች ከወጣ ሁለት የተለያዩ አርቲስቶች ሆነው ይቀራሉ። እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል ባለ 12 ምልክት መለያ ይሰጠዋል፤ አከፋፋይ ሲቀየር በዚያው መለያ መጫን አለበት፣ ያለዚያ የአድማጩ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ፋይሉን በአንድ ሃርድ ዲስክ፣ በአንድ ፍላሽና በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ከዚያ የተገኘ ልማድ ቢሆን አይከፋም።

ገቢውን በቁጥር እንየው። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ለቅጂው አይከፍልም። የዩቲዩብ ማስታወቂያ ገቢ ውስጥ ለመግባት 1,000 ተከታይና በ12 ወር 4,000 ሰዓት እይታ፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ ይጠየቃል። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሰው በአማካይ እስከ ግማሹ ካየው 160,000 እይታ ያስፈልጋል። ሾርትስ ላይ የታየው ከዚህ ሰዓት አይቆጠርም፤ ቲክቶክ ላይ የጮኸ ሁክም እንደዚያው። እንደ አውታርና ሰዋስው ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎችና የቴሌ የጥሪ ማሳመሪያ ሌላ በር ናቸው፤ እዚያም የሚጠየቀው ያ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብር የሚመጣው ከመድረክ ነው፦ ከተማሪ ዝግጅት፣ ከሠርግ፣ ከፒያሳ ምሽት ቤት፣ ጥር ላይ ከተማው ለጥምቀት በእንግዳ ሲሞላ ከሚዘጋጁ ምሽቶች። የጥር ሥራ በኅዳር ይያዛል። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ መጠየቅ ነውር አይደለም።

መድረክ ላይ የሚከፈተው ዘፈኑ ራሱ አይሁን፤ ዋናው ድምፅ የወጣለት፣ የሁኩ ድርብርብ ብቻ የቀረለት ቅጂ ለብቻ ይዘጋጅ። በስልክ ከተከፈተ ስልኩ ከኔትወርክ ይጥፋ፣ ያለዚያ የእናት ጥሪ ሁለተኛው ቨርስ መሃል ላይ በስፒከር ይወጣል። ማይኩን በጭንቅላቱ በኩል በሁለት እጅ ማፈን የክሊፕ ወግ ነው፤ መድረክ ላይ ድምፁን ያፍነዋል፣ ስፒከሩንም ያስጮኸዋል፤ አንገቱ ላይ መያዝ ነው። ማይኩን ይዞ ከሞኒተሩ (ወደ ዘፋኙ ከዞረው ስፒከር) ፊት አለመሄድ። ፍላሹ ሁለት ይሁን፣ አንዱ በኪስ፣ አንዱ ከዲጄው ጋር፤ ፋይሉም በዌቭና በኤምፒ3 ሁለቱም ይጫን፣ አንዳንዱ የሠርግ ቤት ማጫወቻ ዌቭ አይከፍትም።